ዲዳዎቹ እርግቦች

ሸክላ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያንኳኳል። ማሰሮውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ፣ የቀኝ እጁን ጣት አጥፎ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ደህና ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ካለበት የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ደንበኞቼ ማሰሮዬን ሲያንኳኩና ሲያዳምጡ ላያቸው ሰው የናፈቃቸው ይመስላሉ። የቤቴን በር የሚያንኳኳ ግን የለም ማለት ይቻላል። በወር አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ይመጣል፤ እሱም ቆጣሪው ውጪ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለ አንብቦ ይሄዳል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከተማው አልቆ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ላይ ነው። እናቴም፣ የእሷም እናት ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። አገራችን ለሸክላ ሠሪ፣ ለቀጥቃጭና ለቆዳ ፋቂ አንድ የጋራ ስም አላት፤ ቡዳ። ቡዳ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል፤ በተለይ ሕፃን፣ በተለይ ቆንጆ ሕፃን፣ በተለይ ደግሞ ምግብ ሲበላ ያየውን። እኔ እስከ ዛሬ የበላሁት ሰው የለም። ሽሮ እንኳ ሲበዛብኝ ቃር ይይዘኛል። ግን ገበያ ላይ እናቶች ልጅ አዝለው በአጠገቤ ሲያልፉ ነጠላቸውን በልጁ ፊት ላይ ጣል ያደርጋሉ። አንዳንዷ ጤና አዳም አንገቱ ላይ ታስርለታለች፤ ሌላዋ ዞር ብላ እትፍ እትፍ ትላለች። ትንሽ ቆይታ ያቺው እናት ትመለስና ለዚያው ልጅ ገንፎ የሚሠራበትን ድስት ከእኔ ትገዛለች። ድስቱ ልጅ አይበላም መሰለኝ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ፣ ያገኘሁትንም መጽሐፍ አነባለሁ፤ ገበያ ላይ የጠቀመኝ ነገር ግን የለም።

ከአጥሬ ማዶ የምትኖረው ጎረቤቴ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እሷ ከቤቷ ቆሎ ቋጥራ ትመጣለች፣ እኔ ዳቦ፤ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ተደብቀን እንለዋወጣለን። ከታየን እናቷ እንደምትገርፋት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። «እኅት ዓለም» ነበር የምትለኝ። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ስፌት የተማርነው አብረን ነው። የእሷ ስፌት ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄድባታል፤ መምህራችን ጨርቋን አንሥታ ለክፍሉ እያሳየች «ይኼ መንገድ የት ያደርሳል?» ትላት ነበር።

ካገባች በኋላ ሰላምታዋ እያጠረ መጣ። መጀመሪያ «እንደምን ዋልሽ፣ ቤት ደህና?» ነበር። ኋላ «እንደምን ዋልሽ» ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ራስ መነቅነቅ ብቻ ቀረ። ባሏ ከደምበጫ እህል እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው። ከእኔ አጠገብ ያለውን ቤት የገዙት ረክሶ ስላገኙት ነው፤ የረከሰውም በእኔ ምክንያት ነው። ገብተው መጀመሪያ የሠሩት ሥራ አጥሩን በአንድ ክንድ ማስረዘም ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው ያንን አጥር አላየውም።

ብዙ ዓመት ልጅ አጥታ ቆይታ በመጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ፊቷን በደንብ አይቼው አላውቅም፤ ድምፅዋን ግን ከአባቷ የበለጠ ሳላውቀው አልቀርም። ስትስቅ አውቃለሁ፣ ከዶሮዎቹ ጋር ስትጣላ አውቃለሁ፣ ፊደል ስትቆጥር የምትዘለውን ፊደል አውቃለሁ። ከአጥሩ ወዲህ ጭቃ እየረገጥኩ በሆዴ አርማታለሁ። እኔ አልወለድኩም። በወጣትነቴ የጠየቀኝ አንድ ሰው ነበረ፤ ዘመዶቹ ዘሬን አጣርተው ሲመለሱ እሱም አብሯቸው ተመለሰ።

ጃፓናዊቷ የመጣችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ከተማችን ውስጥ ባለ የቴክኒክ ኮሌጅ ለሁለት ዓመት ልታስተምር። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ክረምት ነበር። ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ አስፋልቱ ላይ ጥሏት ኖሮ፣ እስከ ጉልበቷ ተለውሳ በሬን አንኳኳች። የሰማሁት ድምፅ የበር መሆኑን እስካውቅ ትንሽ ቆየሁ።

«ሸክላ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ፣ ከመጽሐፍ በተማረችው አማርኛ።

በሕይወቴ እኔን አንቱ ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ውኃ አሙቄ እግሯን ታጠበች። ሽሮ ሠርቼ ስለነበር አቀረብኩላት፤ «አብረን» አለችና ትሪውን ወደ መሀል ሳበችው። እንጀራ መቁረስ ገና በደንብ አልለመደችም፤ ሽሮው እስከ ክርኗ ይወርዳል። እኔ መብላቱን ትቼ አያታለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ስትበላ እያየኋት መሆኔ ትዝ አለኝና ደንግጬ ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ። ይህ የልጅነት ልማዴ ነው፤ ሰው ሲበላ አላይም። እናቴ ነች ያስለመደችኝ፣ በቁንጥጫ።

ከበላን በኋላ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መዳፍ የማትሞላ የሸክላ እርግብ ናት። ኖራ በሚመስል ነገር ነጭ ተቀብታ፣ ክንፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር ተሥሎባታል። ጭራዋን ወደ አፏ አስጠግታ ነፋች። እርግብ ጣሪያ ላይ ሆና እንደምታሰማው ያለ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ ወጣ። ለካ ፊሽካ ናት። በአገሯ በረዶ በሚበዛበት ከተማ አክስቷ እንዲህ ያሉ የሸክላ መጫወቻዎች እየሠራች ትኖራለች፤ ቃጭል፣ ዝንጀሮ፣ አሻንጉሊት፣ እርግብ። እርግቧ የልጆች ናት።

«እርግብ ስትበላ አያንቃትም» አለች፣ ጉሮሮዋን በጣቷ እያሳየችኝ። «ልጅም እንደ እርግብ እንዲሆን ይሰጡታል። እንዳያንቀው። እንዳይታመም።»

ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ብትጠይቀኝ «እንዲያው ነው» አልኩ። በእሷ አገር ሸክላ ሠሪ ልጅ ሲበላ እንዳይታነቅ እርግብ ትሠራለታለች። በእኔ አገር ልጅ ሲበላ ሸክላ ሠሪ እንዳታየው ይሸሸጋል። ይህን በየትኛው አማርኛ ላስረዳት? ደግሞም ማስረዳቱን አልፈለግሁትም። ስለ እኔ ምንም የማታውቅ አንዲት ሰው እንድትኖረኝ ፈለግሁ።

«አስተምሪኝ» አልኳት። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን መምጣት ጀመረች። ከሦስተኛው ቀን በኋላ አንቱታው ቀርቶ «እትዬ» ሆንኩ።

እርግብ መሥራት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ጭቃው ለእንስራ ከምናቦካው በጣም የላመ መሆን አለበት። የግማሽ እንቁላል ቅርፊት የሚያካክሉ ሁለት ጎድጓዳ ነገሮች በአውራ ጣት ይወጣሉ፤ ከንፈራቸው ይጫርና በቀጭን ጭቃ ይጣበቃሉ። ከዚያ አንገቷና ጭራዋ ቀስ ተብሎ ይጎተታል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። መከራው ከዚህ በኋላ ነው። ከጭራዋ ወደ ሆዷ በቀርከሃ ስንጣሪ ጠባብ መንገድ ይወጋል፣ ሆዷ ላይ ደግሞ ትንሽ መስኮት ይቆረጣል። የሚነፋው ትንፋሽ በዚያ መንገድ መጥቶ የመስኮቱን ስል ከንፈር መምታት አለበት፤ ግማሹ ወደ ውጪ፣ ግማሹ ወደ ሆዷ ሲከፈል ነው የምትጮኸው። ከንፈሩ የፀጉር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ትንፋሹ ሹ ብሎ ይወጣል እንጂ ድምፅ የለም። ሁለት ሰው የሚሸከመው ጋን የምሠራ ሴትዮ፣ መዳፍ የማትሞላ እርግብ አሸነፈችኝ።

ያልጮኹትን በመስኮቴ ደፍ ላይ እደረድራቸው ነበር። ስትመጣ መጀመሪያ የምታደርገው እነሱን አንድ በአንድ እያነሣች መንፋት ነው። «ዲዳ» ትላለች፤ ቃሉን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ታስቀምጥና ሌላዋን ታነሣለች፣ «ዲዳ»። መጨረሻ ላይ ስትደርስ ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን። አንድ ጊዜ እርጥብ ሆና የጮኸች እርግብ ስትተኮስ ተኮማትራ ዲዳ ሆና ወጣች። የዚያን ቀን አልሳቅሁም፤ ኩበቱንም ገለባውንም ረግሜ፣ እሷንም «ሂጂ ወደ ቤትሽ» አልኳት። አልሄደችም። ቁጭ ብላ አመዱን በእንጨት እየቆሰቆሰች ጠበቀችኝ።

ከስንት ዲዳ በኋላ አንዷ ጮኸች። ቀይ አፈር ቀብቼ በድንጋይ የወለወልኳት፣ ሲተኮስ ጥቁር ጭስ አንድ ክንፏን ያጠቆራት እርግብ ናት። ግቢዬ መሀል ቆሜ ሁለት ጊዜ ነፋሁ። ከአጥሩ ማዶ የልጅቷ ጨዋታ ድንገት ቆመ።

«እማዬ፣ ምን ወፍ ናት?»

ያቺ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ፈለግሁ፤ ያቺ ልጅ ከእጄ እርግብ እንድትቀበል። ለራሴም ማመኑ ያሳፍረኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ሰው ኖሬ፣ ያለመድኩትን ነገር በዚህ ዕድሜዬ መመኘቴ አናደደኝ። ግን ተመኘሁ።

ጃፓናዊቷ ወደ አጥሩ ሳይ አይታኛለች። «ለልጅቷ እንስጣት» አለችኝ። «አንቺ ስጪያት» አልኳት። ወስዳ ሰጠች። ጎረቤቴ በሯ ላይ ሆና «እግዜር ይስጥልን፣ ምነው ተቸገርሽ» ስትል ሰማኋት። ከፈረንጅ እጅ የመጣ ነገር ማን ይጠላል። ልጅቷ በማግስቱ ከእንቅልፏ ስትነሣ ጀምራ ነፋች። ሁለት ጊዜ ነፍታ ዝም ስትል እኔ ከእሷ በኋላ በጮኸችልኝ ሌላ እርግብ ሁለት ጊዜ መለስኩ። ጸጥ አለች። እንደገና ሁለት ጊዜ። መለስኩላት። በእኔ በኩል እውነተኛ እርግብ ያለች መስሏት ስትፈነጥዝ ይሰማኛል። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ተጫወትን። በሕይወቴ ጠዋት እንዲነጋ የቸኮልኩት ያኔ ነው።

ከዚያ የጃፓናዊቷ ጊዜ አለቀ። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ጎረቤቴን ልትሰናበት ሄደች። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር፣ ሁሉም ይሰማል።

«እርግቧን የሠራችው እትዬ ናት» አለቻት። «እኔ አይደለሁም። እጇ በጣም ጎበዝ ነው።»

እሷ ደስ ብሏት ተመለሰች።

«ለምን ነገርሻት?» ብዬ ጮኽኩባት። «ምን እንደሆንኩ ሳታውቂ ለምን ትናገሪያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች። በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ኮሌጁ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ነግረዋታል፤ ከእኔ ቤት እንዳትበላም መክረዋታል። «በእኛም አገር ነበረ። ቆዳ በሚሠሩ ሰዎች ላይ። አሁንም ትንሽ አለ። ዝም ሲባል አይለቅም፣ እትዬ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ የደበቅሁትን ነገር፣ እሷ ማወቋን ከእኔ ደብቃ ኖራለች። እያወቀች ነው ከትሪዬ የበላችው። ላቅፋት ፈለግሁ፣ ልደበድባትም ፈለግሁ። ሳላደርግ ቀረሁ፤ ሁለቱንም። ለመንገዷ የሚሆን ቆሎ ቋጥሬ ሰጠኋት። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች።

ያን ዕለት ከአጥሩ ማዶ ፊሽካ አልተሰማም። ወደ ቀትር ላይ አንድ ነገር አጥሩን ዘሎ ግቢዬ ወደቀ። እርግቧ ናት፤ ምንቃሯ ተሰብሯል። የወረወራት አባቷ ነው፣ ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ። አነሣኋትና መስኮቱ ላይ ከዲዳዎቹ ጋር አስቀመጥኳት።

ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ ማሳል ጀመረች። የደብረ ማርቆስ ብርድ ልጅ ማሳሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህኛው ግን ከደረት የሚመጣ ሳል ነበር። ሁለት ቀን ሰማሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ።

«እኅት ዓለም፣ አለሽ?»

ከልጅነታችን ወዲህ በዚህ ስም ጠርታኝ አታውቅም። በሩን ስከፍት ጎረቤቴ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ቆማለች። ግቢ አልኳት፣ ገባች። መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር እያለ፣ ከእኔ አጠገብ። ሻይ አፈላሁ። በእኔ ብርጭቆ ጠጣች።

«ልጅቷ እንዴት ናት?» አልኩ።

«ትንሽ አሳላት እንጂ ደህና ናት።»

«ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ትኩሳት ካለው አይናቅም።»

«ወስደናታል። ዛሬ መርፌ ጀምረውላታል።»

እኔ ስለ እጅ ሥራ መምህራችን አነሣሁ፣ ስለዚያ የት እንደሚያደርስ ስላልታወቀው መንገድ። ሳቀች። የውሸት ሳቅ አልነበረም፣ የውሸቱን አውቀዋለሁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ነው ነጠላዬ በጀርባዬ በኩል ሲጎተት የተሰማኝ።

እኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ሰው ቡዳ በላው ሲባል ከበላው ሰው ልብስ ቁራጭ ይወሰድና ፍም ላይ ይጣላል፤ የታመመው ጭሱን ይታጠናል። ቁራጩ ግን መሰረቅ አለበት፤ ባለቤቱ አውቆ ከሰጠ አይሠራም ይባላል። የእናቴ ቀሚስና ነጠላ ጫፉ ሙሉ ሆኖ አያውቅም ነበር። «ለቆራጮች የሚሆን ጨምሩበት» እያለች ረዘም ያለ ጨርቅ ትገዛ ነበር፣ እየሳቀች። ሳቋ ያን ቀን ገባኝ።

ዞሬ ባያት ትደነግጥና ትሄዳለች። ስለዚህ አልዞርኩም። ወሬዬን ቀጠልኩ። የመምህራችንን ባል አነሣሁ፣ የትምህርት ቤቱን ደወል አነሣሁ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያፈሰውን ጣሪያ አነሣሁ። እሷ «እ... እ...» ትለኛለች። የያዘችው ምላጭ ደንዝዞ ነው መሰለኝ ጨርቁ እምቢ አላት። ሲወጠር መቁረጡ እንደሚቀልላት አውቃለሁና ትንሽ ወደፊት ዘንበል አልኩላት። ያኔ ተቆረጠ።

«በይ ልሂድ» ብላ ተነሣች። «ልጅቷ ብቻዋን ናት።» በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

«ምን አደረግሁልሽና» አልኩ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ጥጥ ሽታ ከማዶ መጣ። ልጅቷ በጭሱ ይበልጥ አሳላት። መርፌውን ግን ሳያቋርጡ አስወጓት፤ በሳምንቱ ድና ከዶሮዎቹ ጋር መጣላቷን ቀጠለች። መድኃኒቱ ሠራ፣ ምስጋናውን የነጠላዬ ቁራጭ ወሰደች። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል እንዲህ ማለት ከሆነ እንግዲህ እኔ አንድ ፋርማሲ ነኝ።

ጎረቤቴ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ሰላምታችን ወደ ራስ መነቅነቅ ተመለሰ። እኔ ነጠላዬን አልሰፋሁትም፤ እየተተረተረ ተውኩት። ብርጭቆውን ግን አጥቤ ለብቻ አስቀመጥኩት።

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝን ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ልጅቷ እንደገና አሳላት። ጭቃ ላይ ነበርኩ። ሳሏን ሰማሁ፤ ደግማ ስታስል እጄን ታጥቤ ወደ ቤት ገባሁና ቤቱን መጥረግ ጀመርኩ። መደቡን አነጠፍኩ። ያንን ብርጭቆ አወረድኩ፣ በነጠላዬ ወለወልኩት። ሻይ ጥጄ ውኃው ሊፈላ ሲል ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ። የሰው ልጅ እያሳላት እኔ ደስ ብሎኛል። ትመጣለች ብዬ ደስ ብሎኛል።

መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አይደለሁም ስል የኖርኩትን ነገር፣ ያን ቀን ብሆንስ ብዬ ፈራሁ። ሰው መብላት ምናልባት ይህ ይሆናል፤ ዓይን ሳይሆን እንዲህ ያለ ብቸኝነት። ብዙ አለቀስኩ። ሻዩ ፈልቶ ፈልቶ ተነነ።

ሳልደነፋና ሳልጮኽ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው። እናትየው የምትፈልገውን ለማግኘት ከእኔ ጋር መቀመጥ አያስፈልጋትም፣ መሳቅም አያስፈልጋትም። ብሰጣት አይሠራም ትላለች። ስለዚህ መሰረቅ እንዲመቻት ማድረግ አለብኝ። ነጠላዬን አጠብኩና አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ የተቆረጠው ጫፍ ወደ እሷ ግቢ እንዲወርድ አድርጌ። በሌላኛው ጫፍ፣ ሴት ሳንቲም እንደምትቋጥር፣ ከእርግቦቼ ሁሉ ድምፅዋ የሚያምረውን ቋጠርኩ። ከዚያ በሬን ከውጪ ዘጋሁ፤ ቁልፉም ሰንሰለቱም እንዲሰማ እያንኳኳሁ። ቅርጫቴን ይዤ ወንዙ ዳር ጭቃ ልቆፍር ወረድኩ። ለአንድ ቅርጫት ጭቃ የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት ነው። እኔ እስኪመሽ ድረስ ዘገየሁ፣ ሥሩንም ጠጠሩንም አንድ በአንድ እየለቀምኩ።

ስመለስ ነጠላው አጥሩ ላይ እንዳለ ነው። አወረድኩት። አዲስ ቁራጭ ተወስዷል፤ በዚህ ጊዜ በመቀስ፣ ቀጥ ብሎ። ግን የተቆረጠበት ዳር፣ የድሮውም የአሁኑም፣ እንዳይተረተር በነጭ ክር ተቀምቅሟል። በጣቴ ዳሰስኩት። ስፌቱ ወደ ግራ ይሄዳል።

በሌላኛው ጫፍ ቋጠሮው እኔ እንደቋጠርኩት ነበር። እርግቧን አልወሰደቻትም አልኩ። ስይዘው ግን ባዶ ነው። እርግቧን ወስዳ፣ ቋጠሮውን እንደነበረ መልሳ አስራዋለች።

እናትየው እስከ ዛሬም አልመጣችም፤ የምትመጣም አይመስለኝም። ሳሉ ግን በሦስተኛው ቀን እየላላ ሄደ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ አባቷ እህል ሊያመጣ ወጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ከማዶ የፊሽካ ድምፅ ተሰማ። ትንፋሽ ያጠረው፣ ቀጭን ድምፅ ነበር። ሁለት ጊዜ። ዝም አለች። እኔን እየጠበቀች ነው። እርግቤን አንሥቼ ጭራዋን ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁ። ብመልስላት ነገ አባቷ እያለ ትነፋለች፤ እሱም እርግቧ ከየት እንደመጣች ይጠይቃል። እንደገና ሁለት ጊዜ ነፋች። ጠበቀች።

እርግቤን መስኮቱ ላይ ከዲዳዎቹ አጠገብ መልሼ አስቀመጥኳት። የቆፈርኩት ጭቃ መድረቅ ጀምሮ ነበርና ውኃ ረጨሁበት።